«ኦንኮሰርካያሲስ» ስንት ቀለም አለው? ሦስቱ «ሲ» ፊደላቱስ እንዴት ይነበባሉ?

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ የጤና መኮንንነት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከጎጀብ ወንዝ ዳር ስለ መጣ አንድ ታካሚ ለክፍል ጓደኞቼ በእንግሊዝኛ ገለጻ ሳቀርብ የበሽታውን ስም ‹ኦንቾሰርሲያሲስ› ብዬ አነበብኩና ከኋላ የተቀመጡት ሳቁብኝ። አንደኛው መምህሬ ‹ኦንኮሰርሳያሲስ› ነው አሉኝ፤ ሌላው ‹ኦንኮሰርካያሲስ› ነው አሉ። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ‹ኦንኮሰርኪያሲስ› ይላል። ትክክሉ የትኛው ነው? ቃሉ በስንት ቀለም ይከፈላል? በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስብኝስ ከየት ልክፈለው?»

ምላሽ፦ ጥቁር ዝንብ የሚያስተላልፈው የዚህ የትል በሽታ የእንግሊዝኛ ስም ስድስት ቀለም አለው። ኦን-ኮ-ሰር-ካይ-ኧ-ሲስ ተብሎ ይከፈላል፤ የድምፁ ዋና ክብደት በአራተኛው ቀለም፣ በ«ካይ» ላይ ያርፋል፤ ቀለል ያለ ክብደት ደግሞ በመጀመሪያው «ኦን» ላይ ይሰማል። ስለዚህ ሁለተኛው መምህርዎ የነገሩዎት አጠራር በታወቁት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚገኘው አጠራር ነው። የመጀመሪያው መምህርዎ «ሳያሲስ» ማለታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ። የግድግዳው «ኦንኮሰርኪያሲስ» ግን የእንግሊዝኛ አጠራር ሳይሆን የአማርኛ ቃል ስለሆነ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ ይህን ብቻ ይዘው ቢሄዱ ግን በሚቀጥለው ገለጻ በቢልሃርዝያ የእንግሊዝኛ ስም ላይ እንደ ገና መቸገርዎ ስለማይቀር፣ ቃሉ ለምን እንዲህ እንደሚነበብ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

«ቀለም» ስል ግጥም የሚያስተምሩ ሰዎች የሚሉትን ማለቴ ነው፤ በአንድ አናባቢ ዙሪያ ተሰብስቦ አንድ ላይ የሚወጣ የድምፅ ክፍል። በወል ቤት የሚገጥም ሰው ለእያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ስድስት ቀለም ሲቆጥር የሚሠራው ሥራ እርስዎ በዚህ የሕክምና ቃል ላይ ሊሠሩት ከፈለጉት ጋር አንድ ነው፤ የሚቆጥረውም ፊደልን ሳይሆን ድምፅን ነው። «ከበደ» ሦስት ፊደል ሆኖ ሦስት ቀለም አለው። «መስኮት» ግን አራት ፊደል ሆኖ ሁለት ቀለም ብቻ ነው ያለው፤ «ስ» እና «ት» አናባቢ ስለሌላቸው ቀድሟቸው በመጣው ድምፅ ላይ ተደርበው መስ-ኮት ይባላልና። የእኛ ሳድስ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንድ ጊዜ ሳይዝ ስለሚነበብ፣ ባዕድ ቃል በፊደላችን ስንጽፍ ዓይናችን ቀለሙን አብዝቶ ሊቆጥረው ይችላል። «ኦንኮሰርካይኧሲስ» ብለን በአሥር ፊደል ብንጽፈው እንኳ «ን»፣ «ር»፣ «ይ» እና የመጨረሻው «ስ» አናባቢ የላቸውም፤ አራቱ ሲቀነሱ ስድስት ቀለም ይቀራል።

በእንግሊዝኛው በኩል ቃሉ (onchocerciasis) 14 ፊደላት አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ የአናባቢ ፊደላት ናቸው፤ ስድስቱም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀለም ይመሠርታሉ። በእንግሊዝኛ ጽሕፈት እንዲህ ያለ ቀና ነገር ብዙ አይገኝም፤ ሁለት የአናባቢ ፊደላት ተዳብለው አንድ ድምፅ የሚሆኑበት፣ በቃል መጨረሻ ያለችው «ኢ» ፊደልም ሳትነበብ የምትቀርበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ቀለሙን መቁጠር ከዚህ ቃል ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪዎቹ ሦስቱ «ሲ» ፊደላት ናቸው። በሦስተኛ፣ በስድስተኛና በዘጠነኛ ቦታ ተቀምጠዋል፤ የመጀመሪያዋ ከ«ኤች» ጋር ሆና «ከ»፣ ሁለተኛዋ «ሰ»፣ ሦስተኛዋ እንደ ገና «ከ» ተብላ ትነበባለች። አንድ ፊደል በአንድ ቃል ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲመጣ እንዲህ የሚለዋወጠው ለምን እንደ ሆነ ካወቁ ቃሉን መሸምደድ አያስፈልግዎትም።

በቅድሚያ ስለ «ኦንቾ» ልናገር፤ ይህ ንባብ የስንፍና ንባብ አይደለምና። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ብዙው ተማሪ ማንበብ የሚጀምረው በአፋን ኦሮሞ ነው። በቁቤ «ሲ» እና «ኤች» ሲጣመሩ ሁልጊዜ «ቸ» ናቸው፤ «ሲ» ብቻዋን ስትመጣ ደግሞ «ጨ» ናት፤ ከዚህ ዝንፍ የሚል ነገር የለም። ያ ተማሪ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ «ቸርች»፣ «ቻይልድ»፣ «ቲቸር» እያለ ያንኑ «ቸ» ያጸናል። ስለዚህ እርስዎ «ኦንቾ» ያሉት በሁለት ቋንቋ በሚገባ የተማሩትን ሕግ ተከትለው ነው። የሳቁት ጓደኞችዎ ቃሉን አስቀድመው በጆሮ ስለ ሰሙት እንጂ ከፊደሉ አንብበው ስላወቁት አይመስለኝም። ይህን አጥብቄ የምጽፈው፣ የሕክምና እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በሚገባ የሚያውቁትን በሽታ ስሙን ለመጥራት ፈርተው «ይሄ የዝንቡ በሽታ» እያሉ ገለጻቸውን የጨረሱ፣ ከዚያም አልፎ እጃቸውን ማውጣት ጨርሶ የተዉ ተማሪዎች ስላጋጠሙኝ ነው። አንድ ቃል ተማሪን ዝም ሊያሰኝ አይገባውም።

የ«ኤች»ን ነገር የሚፈታልን የቃሉ ትውልድ ነው። የትሉን ወገን «ኦንኮሰርካ» ብሎ የሰየመው የቪየናው ተመራማሪ ካርል ሞሪትዝ ዲዚንግ ሲሆን፣ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1841 ነው። ስሙን የሠራው ከሁለት የግሪክ ቃላት ነው። «ኦንኮስ» የመንጠቆ ወይም የቀስት ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የሚመለሰው ሹል አካል ነው፤ «ኬርኮስ» ጅራት ነው። በግሪኩ «ኦንኮስ» ውስጥ ያለው ድምፅ ንጹሕ «ከ» ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ኤች» የገባችው በአጻጻፍ ልማድ እንጂ ድምፁን ለመለወጥ አይደለም። ከዚህም ሰፋ አድርገው ይያዙት፦ ከግሪክ በመጡ የሕክምና ቃላት ውስጥ «ሲ» እና «ኤች» ሲጣመሩ «ከ» ተብለው ይነበባሉ። ኮሌራ፣ ትራኮማ፣ ብሮንካይተስ፣ ክሮኒክ ሁሉም በእንግሊዝኛ የሚጻፉት በእነዚሁ ጥንድ ፊደላት ነው። ጅማ ውስጥ «ቾሌራ» ወይም «ትራቾማ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሕጉን አንደበታችን ቀድሞ ያውቀዋል፤ የቀረው ዓይናችን ነው። ከፊታቸው «ኤስ» ስትጨመር ግን ጥንዶቹ እንደ ቃሉ ይለያያሉ፤ በስኪዞፍሬኒያ «ስክ» ሲሆኑ፣ በቢልሃርዝያ የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ላይ «ሽ» ይሆናሉ።

ሁለተኛዋ «ሲ» ቀላል ናት። በእንግሊዝኛ «ሲ» ከ«ኢ»፣ ከ«አይ» ወይም ከ«ዋይ» ፊደል በፊት ስትመጣ ለስልሳ «ሰ» ትሆናለች፤ በሌላ ቦታ «ከ» ሆና ትቀራለች። ካንሰር የሚለውን ቃል ይመልከቱ፤ ሁለቱም ድምፆቹ በእንግሊዝኛው የሚጻፉት በ«ሲ» ነው፤ የመጀመሪያዋ ከ«ኤ» በፊት ስለመጣች «ካ»፣ ሁለተኛዋ ከ«ኢ» በፊት ስለመጣች «ሰ» ሆናለች። በእኛም ቃል ሁለተኛዋ «ሲ» ከ«ኢ» በፊት ናትና «ሰር» እንላለን። በግሪኩ «ኬር» የነበረው በእንግሊዝኛ «ሰር» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ክርክሩ ያለባት ሦስተኛዋ ትመጣለች። ከኋላዋ «አይ» ፊደል አለች፤ ሕጉን በቀጥታ ብንከተል «ሰ» ሆና «ሳያሲስ» ትሰጠናለች። የመጀመሪያው መምህርዎ የያዙት ይህን ነው፤ ከሕጉ አንጻር አያስወቅሳቸውም፤ በባለሙያዎች አንደበትም አልፎ አልፎ ይሰማል። ነገር ግን ቃሉ ብቻውን አይኖርም፤ ቤተሰብ አለው። የትሉ ስም «ኦንኮሰርካ» ሲባል ሦስተኛዋ «ሲ» ከ«ኤ» በፊት ስለሆነች «ካ» ናት። ከቆዳ ሥር የሚወጣው እብጠት «ኦንኮሰርኮማ» ሲባል ከ«ኦ» በፊት ናትና «ኮ» ናት። ቅጽሉ «ኦንኮሰርከል» ሲባልም «ከ» ናት። የበሽታው ስም ከእነዚህ ዘመዶቹ ተለይቶ እንዳይሰማ የ«ከ» ድምፁ ተጠብቆ «ካያሲስ» ተብሏል። እኔም ለተማሪዎቼ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ገለጻ ውስጥ ትሉንም፣ እብጠቱንም፣ በሽታውንም መጥራት ስለሚኖርብዎ አራቱ ቃላት አንድ ድምፅ ይዘው ሲመጡ ሰሚው ዝምድናቸውን ወዲያው ይረዳል።

ይህ «ኬርኮስ» የሚለው ሥር በሌሎች የላቦራቶሪ ቃላትም ያገኘዎታል። የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የሚዋኝበት ባለ ጅራቱ እጭ «ሰርካሪያ» ይባላል፤ «ሲስቲሰርኮሲስ» በሚለውም ውስጥ አለ። በሁለቱም የጅራቱ የመጀመሪያ ድምፅ «ሰ»፣ ሁለተኛው «ከ» ሆኖ ያገኙታል።

ወደ ቃሉ መጨረሻ እንሂድ፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ ሊጠና የሚገባው ይህ ነው። በ«ኦንቾ» ምክንያት ሳቁብዎ እንጂ እንግሊዝኛ ተናጋሪን ይበልጥ የሚያደናግረው «ሲያሲስ» ማለትዎ ነበር። በዚህ ቅጥያ ውስጥ «አይ» ፊደል የራሷን ስም ትጠራለች፤ «ኢ» ሳይሆን «አይ» ትባላለች፤ የቃሉም ዋና ክብደት ሁልጊዜ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ወስፋት «አስከራይኧሲስ» ነው፤ ካላዛርንና ቁንጭርን የሚያመጣው ወገን በሽታ «ሊሽመናይኧሲስ» ነው፤ ቢልሃርዝያ «ሺስተሰማይኧሲስ» ነው፤ ጃርዲያ የሚያመጣው ሕመም «ጂአርዳይኧሲስ» ነው፤ የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይንን የሚወጋበት የትራኮማ መዘዝ «ትሪካይኧሲስ» ነው። የቆዳ በሽታው «ሰራይኧሲስም» ከዚሁ ወገን ነው፤ በጽሑፍ ከመነሻው ያለችው «ፒ» አትነበብም። ቃሉ አጭርም ይሁን ረጅም፣ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሦስት ቀለም ሲቆጥሩ ክብደቱን ያገኙታል። ስለዚህ አዲስ ቃል ሲገጥምዎ ከፊት መጀመርዎን ይተዉና ከኋላ ይጀምሩ፤ ቅጥያው «ያሲስ» ከሆነ ዋናው ሥራ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁለቱ ፊደላት፣ «አይ» እና «ኤ»፣ ተከታትለው በመጡበት ሁሉ እንዲህ አይነበቡም። ማላሪያ በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ እነዚያው ሁለት ፊደላት አሉ፤ ክብደቱ ግን ከእነርሱ በፊት ስላለፈ በለሆሳስ «ኢኧ» ተብለው ያልቃሉ። ዝሆኔ ተብሎ የሚታወቀው የእግር እብጠት በእንግሊዝኛ «ፖዶኮኒኦሲስ» ሲባል ደግሞ ቅጥያው «ኦሲስ» ስለሆነ ክብደቱ በ«ኦ» ላይ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለችው «አይ» ፊደል «ኒ» እንጂ «ናይ» አትሰጥም። «ፖዶኮናዮሲስ» የሚሉ ተማሪዎች «ያሲስ»ን በሚገባ ተምረው ያለ ቦታው የተጠቀሙበት ናቸው።

ክብደት ወይም አጽንዖት የምለው ነገር በእንግሊዝኛ አይጻፍም፤ ሰው ከሰው አፍ ይማረዋል። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛም «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን «ጊዜው አልደረሰም» ማለታችንን ፊደሉ አይነግርም፤ «ና»ን በማጥበቅና በማላላት እንለየዋለን። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ተገኘ ማለት ነው። አማርኛ የማያውቅ ሰው ጥብቀቱን ቢስት ፊደሎቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ሳለ እኛ ለአፍታ ግራ እንደምንጋባ ሁሉ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪም «ካይ» ላይ ክብደቱን ካልሰማ ቀሪው በትክክል ቢጠራለት እንኳ ቃሉን ወዲያው አይለየውም። የእኛ አንደበት ስድስቱን ቀለሞች በእኩል ክብደት መደርደር ይቀናዋል፤ ሊለማመዱት የሚገባው ይህን እኩልነት ማፍረስን ነው።

አሁን ሥሮቹና ቀለሞቹ የማይገጥሙበትን ቦታ ላሳይዎት። ትርጉሙን የሚከተል ሰው ቃሉን ኦንኮ፣ ሰርክ፣ ያሲስ ብሎ በሦስት ይከፍለዋል፤ «ከ» ድምፅ የጅራቱ ናትና ከ«ሰር» ጋር ትቀራለች። በንግግር ግን «ከ» ወደ ቀጣዩ አናባቢ ተሻግራ «ካይ» ትሆናለች። ይህ በቋንቋችን በየደቂቃው የምናደርገው ነገር ነው። «ቤት» አንድ ቀለም ነው፤ «ቤቱ» ስንል «ት» የቤቱ አካል መሆኗ ሳይቀር ከኋላ ወደ መጣው አናባቢ ትሄድና ቤ-ቱ እንላለን፤ ቤት-ኡ የሚል የለም። ስለዚህ የቃሉን ትርጉም ሲያስረዱ በሥሮቹ፣ ቃሉን ሲጠሩ በቀለሞቹ ይከፋፍሉት።

ለልምምድ የማስተምረው ዘዴ ከመጨረሻው መነሣት ነው። በመጀመሪያ «ካይ-ኧ-ሲስ» ብቻ ይበሉ፤ «ኧ» ስል በ«ከ»፣ «ለ»፣ «መ» ውስጥ የምንሰማውን የግዕዝ አናባቢ ለብቻው ማለቴ ነው። በአማርኛ ልማድ «ይ» ወደ ቀጣዩ ቀለም ተስባ «ካይየሲስ» ቢመስል ጉዳት የለውም። በ«ካይ» ጊዜ ጠረጴዛውን በመዳፍዎ ጠንከር አድርገው ይምቱ፤ «ኧ» እና «ሲስ» በጣት ጫፍ ይበቃቸዋል። ይህ ሲለሰልስ «ሰር» ይጨምሩ፤ «ሰር-ካይ-ኧ-ሲስ»። ከዚያ «ኮ»፤ በመጨረሻ «ኦን»፣ እርሱንም መለስ ባለ ምት። «ን» እና «ኮ» ሲገናኙ «ን» ወደ ላንቃ ጀርባ ትሸሻለች፤ «እንኳን» ወይም «ጠንካራ» ሲሉ አፍዎ ራሱ ስለሚያደርገው አይጨነቁበት። ብዙ ተማሪዎች ቃሉን ከፊት ጀምረው «ሰር» ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ያጥራቸውና ያ ክብደት ሊያርፍበት የሚገባው ቀለም ተውጦ ይቀራል፤ ከኋላ የጀመረ ግን ወደሚያውቀው ቦታ ስለሚሄድ አይደናቀፍም። እንግሊዞች «ሰር» ውስጥ ያለችውን «ር» አያሰሟትም፤ አሜሪካውያን ያሰሟታል፤ አሜሪካውያኑ «ኦን»ንም ወደ «አን» ያስጠጉታል። ከሁለቱ የፈለጉትን ይምረጡ።

የግድግዳው ጽሑፍ «ኦንኮሰርኪያሲስ» ማለቱ ስሕተት አይደለም፤ እባክዎ በእስክሪብቶ እንዳያርሙት። አማርኛ የሕክምና ቃላትን የሚወስደው የእንግሊዝኛን አጠራር እየተከተለ ሳይሆን ለጽሕፈቱ ቀረብ ባለ አናባቢ ነው፤ ሌሽማኒያሲስም እንዲሁ ነው። ኦን-ኮ-ሰር-ኪ-ያ-ሲስ ብለው ቢቆጥሩት ስድስት ቀለም መሆኑንም ልብ ይሏል። በአማርኛ ሲናገሩ በአማርኛው ይጥሩት፤ በእንግሊዝኛ ሲያቀርቡ በእንግሊዝኛው። በአማርኛ ዐረፍተ ነገር መካከል «ካያሲስ» ብሎ መጨነቅም፣ በእንግሊዝኛ ገለጻ ውስጥ «ኪያሲስ» ማለትም አንዱን ቋንቋ በሌላው ቦታ ማስቀመጥ ነው። የመድኃኒቱም ስም እንዲሁ ነው፤ በአማርኛ ኢቨርሜክቲን እንላለን፤ በእንግሊዝኛ መነሻው «አይ» ነው፤ አይ-ቨር-ሜክ-ቲን፣ ክብደቱ በ«ሜክ» ላይ።

ቃሉ የጅማ አካባቢ ቃል ነው ብል አላጋነንኩም። በሽታው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ ፈጥነው በሚወርዱ ወንዞች ውስጥ የሚራባው ጥቁር ዝንብ የሚያስተላልፈው በመሆኑ የቡና ገበሬው ጎረቤት ሆኖ ኖሯል። ኢቨርሜክቲን በነጻ መሰጠት ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ፣ በአገራችንም በማኅበረሰብ ደረጃ መታደል ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ፣ የጤና ሠራተኛው ስሙን አሳጥሮ «ኦንኮ» ይለዋል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ሲያሳጥሩት በዚሁ ድምፅ ስለሆነ አጠራሩ ትክክል ነው። ነገር ግን አሳጥረው ሲጠሩ ይጠንቀቁ። ስለ ዕጢ የሚያጠናው የሕክምና ዘርፍ ኦንኮሎጂ የሚጀምረው በዚሁ ድምፅ ነው፤ በጽሑፍ በ«ኤች» ይለያሉ፣ በጆሮ አይለዩም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጤና ተቋም ውስጥ ከቡና አገር የመጡ ጋቢ የለበሱ አዛውንት በዕጢ ክትትል ወረፋ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። የዳሌ አጥንታቸው ላይ የለውዝ ፍሬ የምታክል የማታም እብጠት ነበረች፤ ቅልጥማቸውን ያለ ፋታ ያክካሉ። «ኦንኮ ነው፣ እዚያ ይሂዱ» የሚል የቃል መልእክት ከክፍል ወደ ክፍል ሲተላለፍ ነው እዚያ የደረሱት። ልጃቸው «ካንሰር ነው እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የምለው፣ በስልክም ሆነ በርክክብ ጊዜ ቃሉን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሙሉውን፣ ስድስቱንም ቀለም ጥሩት ነው።

የመስመር መጨረሻ ጥያቄዎ ቀርቷል። መዝገበ ቃላት ውስጥ በነጥብ ተከፋፍሎ የሚያዩት ቃል የሚያመለክተው በጽሑፍ ሊከፈል የሚችልባቸውን ቦታዎች ነው፤ ሁሉም ቦታ ግን እኩል አይመከርም። ከአምስተኛው ፊደል በኋላ ቢከፍሉት «ኦንኮ» በአንድ መስመር፣ ቀሪው በሌላው ይሆናል፤ ከሥሮቹም ስለሚገጥም ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ከስምንተኛው ፊደል በኋላ መክፈልም መልካም ነው። ከሁለተኛው በኋላ ቢከፍሉት ሁለት ፊደል ብቻ ቀርተው አንባቢውን ያደናግራሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል፣ ማለትም «ሲ» እና «ኤች»ን ለያይቶ፣ ፈጽሞ አይከፈልም፤ አንድ ድምፅ ናቸውና። ብቻዋን ቀለም የሆነችውን «ኤ»ም ለብቻዋ አያስቀሯት። የኮምፒውተሩ ጽሑፍ ማዘጋጃ የጽሑፉ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ካልተነገረው በዘፈቀደ ስለሚከፍለው፣ ቋንቋውን አስቀድመው ያስተካክሉ፤ ወይም ከአምስተኛው ፊደል በኋላ ሲያስፈልግ ብቻ የሚታይ ስውር ሰረዝ ያስገቡ።

በመጨረሻ፣ በጽሑፍዎ ውስጥ ብዙ ቁጥሩን ከተጠቀሙ ከመጨረሻው ሁለተኛዋ ፊደል ከ«አይ» ወደ «ኢ» ትለወጥና ስድስተኛው ቀለም ከ«ሲስ» ወደ ረዘም ያለ «ሲዝ» ይሄዳል፤ ክብደቱ ግን ከ«ካይ» አይነቃነቅም። ቅጽሉ «ኦንኮሰርከል» ሲሆን ግን «ያሲስ» ስለሌለበት ክብደቱ ወደ «ሰር» ይመለሳል፤ ቀለሙም አራት ብቻ ነው።